ያለ ፍቺ የፈረሰው ትዳር

ሃያ ዓመት የዘለቀ አንድ ትዳር በ2007 መጨረሻ ላይ ፈረሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፍቺ የጠየቀ አልነበረም፤ ሞትም አልለያቸውም። ጋብቻው ጭራሹኑ እንዳልተፈጸመ ተቆጠረ። ባለትዳሮቹ በስፓይደርማንነቱ የምናውቀው ፒተር ፓርከርና ሜሪ ጄን ዋትሰን ናቸው። “የልብ ወለድ ሰዎች ትዳር ቢፈርስ እኛን ምን አገባን?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። በሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን አንባቢዎችን ግን ክፉኛ አስቆጥቷል። ቁጣቸውም ምክንያት ነበረው።

ኮሚክ የሚባሉት ባለሥዕል መጽሔቶች ከሌላው ልብ ወለድ የሚለዩት ታሪካቸው ባለማለቁ ነው። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ ስፓይደርማንን ለአንባቢ ያቀረቡት በ1962 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደራሲያንና ሠዓሊዎች ተፈራርቀውበታል። ሁሉንም የሚያስተሳስረው አንድ ያልተጻፈ ውል ነው፤ የዛሬው እትም የትናንቱን አይክድም። ያለፈውን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ መለወጥ በኮሚክ ዓለም “ሬትኮን” ይባላል።

ሁሉም ሬትኮን አይጠላም። የካፒቴን አሜሪካ ባልንጀራ ባኪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደሞተ ለአንባቢ የተነገረው በ1964 ነበር። ደራሲው ኤድ ብሩቤከር ከ2005 ጀምሮ ባኪ በሕይወት እንደነበረና በሶቪየቶች እጅ ወድቆ ነፍሰ ገዳይ እንደተደረገ ጻፈ። አብዛኛው አንባቢ በደስታ ተቀበለው። ምክንያቱም የቀድሞው ሐዘን እውነተኛ ሆኖ ቀረ፤ የተጨመረው ያልታወቀ ማስረጃ ነው። በሕግ ቋንቋ መዝገቡ እንደገና ተከፈተ እንጂ አልተቃጠለም።

የስፓይደርማን ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ፒተርና ሜሪ ጄን የተጋቡት በ1987 ነው። ያኔ አሳታሚው ማርቭል በኒውዮርኩ ሺ ስታዲየም ተዋንያንን ሙሽሮች አድርጎ፣ ስታን ሊ ራሱ አጋቢ ሆኖ በሕዝብ ፊት ድል ያለ ሠርግ ደግሷል። በ2007 በወጣው ባለ አራት ክፍል ታሪክ ደግሞ የፒተር አክስት ሜይ በጥይት ተመታ ለሞት ትቃረባለች። ሜፊስቶ የተባለው ሰይጣን “አክስትህን አድናለሁ፤ ዋጋው ትዳራችሁ ነው” ይላል። ጥንዶቹ ይስማማሉ፤ ጋብቻውም ከዓለም ትዝታ ይፋቃል።

የማርቭል ዋና አዘጋጅና የታሪኩ ሠዓሊ የነበረው ጆ ኬሳዳ የራሱ መከራከሪያ ነበረው። ትዳር ስፓይደርማንን ያስረጀዋል፤ ለደራሲያንም መንገድ ይዘጋል። ቢፋታ ደግሞ ይብስ ያስረጀዋል። የማይናቅ ሐሳብ ነው። ሆኖም ደራሲው ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ራሱ በአፈጻጸሙ ሳይስማማ ቀርቶ፣ ስሙ ከመጨረሻዎቹ ሁለት እትሞች እንዲወጣለት ፈልጎ እንደነበር በይፋ ተናግሯል።

በሕግ በኩል ብዙ ክርክር የለም። ገጸ ባሕሪው የማርቭል ንብረት ነው፤ አንባቢው የገዛው የታተመውን ቅጂ ብቻ ነው። ነገር ግን ሕግ ራሱ የሚያከብረው አንድ መርህ አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቀጣ ሕግ እንዳይወጣ ይከለክላል። ሰው ትናንትናውን ማመን ካልቻለ ነገን ማቀድ አይችልምና። አንባቢም እንደዚሁ ነው። ሃያ ዓመት የተከታተለው ትዳር በአንድ እትም “አልነበረም” ከተባለ፣ ነገ የሚያነበውን በምን እምነት ያነባል?

ስለዚህ አንባቢው የተቆጣው ለውጥ ጠልቶ ነው ማለት ያስቸግራል። ባልና ሚስቱ ተጣልተው ቢለያዩ ያዝን ነበር፤ ያዘነበት ግን የታሪኩ አካል ሆኖ ይቀር ነበር። የተወሰደበት የራሱ የንባብ ዘመን ነው።

ማርቭል በ2024 በሌላ ትይዩ ዓለም ውስጥ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት የሆነ ፒተር ፓርከር ያለበት አዲስ ተከታታይ ኮሚክ ጀመረ። የመጀመሪያው እትም እየተሸጠ በማለቁ በተደጋጋሚ ታተመ። ትዳር ስፓይደርማንን ያስረጀዋል ለሚለው መከራከሪያ ገበያው የሰጠው መልስ ይህ ነበር።