እንግሊዞች ራሳቸውን አውሮፓውያን ይሉ ይሆን?

ለንደን ዘመድ ያለው አበሻ «ልጄ የሚኖረው አውሮፓ ነው» ሲል የሚያርመው የለም። ፓሪስም፣ ሮምም፣ ለንደንም ለእኛ ያው አውሮፓ ናቸው። እንግሊዞቹን ከጠየቃችሁ ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። ለዕረፍት ስፔን የሚሄድ እንግሊዛዊ «አውሮፓ ልሄድ ነው» ይላል፤ የራሱ አገር ከአውሮፓ ውጭ የሆነች ያህል። ይህ ስሜት መሪዎችን ከሥልጣን አውርዷል፤ በመጨረሻም አገሪቱን ከአውሮፓ ኅብረት አስወጥቷታል። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎች ምክንያቱ ባሕሩ ነው ይላሉ። እኔን አያሳምነኝም። ዶቨር ላይ የባሕሩ ስፋት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰማዩ በጠራ ቀን የፈረንሳይ ዳርቻ በዓይን ይታያል። ባሕሩ ለዘመናት መንገድ ሆኖ አገልግሏል። ኖርማኖች በ1066 ተሻግረውት እንግሊዝ ላይ ነገሡ፤ የፈረንሳይዋ ካሌ ከ1347 እስከ 1558 በእንግሊዝ ነገሥታት እጅ ነበረች፤ በ1714 ዙፋኑን የወረሱት ጆርጅ ቀዳማዊም ከጀርመኗ ሃኖቨር የመጡ ናቸው። ደግሞስ አየርላንድ ከዋናው ምድር ይበልጥ የራቀች ደሴት አይደለችም? ሕዝቧ ግን አውሮፓዊ ነኝ ለማለት አይቸገርም።

እኔ እንደሚመስለኝ የልዩነቱ ሥር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትዝታ ነው። ፈረንሳይ፣ ቤልጅየምና ሆላንድ ተወርረዋል፤ ጀርመንና ጣሊያን ተሸንፈዋል። ለእነዚህ ሕዝቦች አንድነት ከዚያ መዓት መዳኛ ነበር። በ1951 ስድስት አገሮች የድንጋይ ከሰልና የብረት ማኅበረሰብን ሲመሠርቱ ዓላማቸው ፈረንሳይና ጀርመን ዳግም እንዳይዋጉ ማድረግ ነበር። እንግሊዞች ግን አልተወረሩም። በ1940 ከ338 ሺህ በላይ ወታደሮች ከፈረንሳይዋ ዳንከርክ በባሕር ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የሚተረከው «ብቻችንን ቆመን አሸነፍን» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ብቻቸውን አልነበሩም። ከሕንድና ከአፍሪካ የመጡ ወታደሮች ነበሩ፤ የእኛም አርበኞች በ1941 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተሰልፈው ፋሺስት ጣሊያንን አስወጥተዋል። ትዝታው ግን እንዲያ ሆኖ ተቀረጸ፤ አውሮፓም ለእንግሊዛዊው መከራው የመነጨበት ምድር ሆነች።

ቸርችል እንኳ በ1946 ዙሪክ ላይ አውሮፓውያን አንድ እንዲሆኑ ሲጠይቁ ብሪታንያን የመደቧት ከአባላቱ ጋር ሳይሆን ከወዳጆቹና ከደጋፊዎቹ ጋር ነው። ከዓመታት በኋላ ወደ አውሮፓ ማኅበረሰብ ልግባ ስትል ደግሞ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል በ1963 እና በ1967 በሩን ዘጉባት። ደሴትና የባሕር አገር ናት፣ ልማዷም ከእኛ የተለየ ነው ብለው ተከራከሩ። በ1973 በጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ ዘመን ገባች፤ በ1975ቱ ሕዝበ ውሳኔም 67 በመቶው መቆየትን ደገፈ።

መሪዎቹን አጥብቄ የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ለሕዝቡ የነገሩት በአብዛኛው ስለ ገበያ፣ ስለ ሥራና ስለ ምግብ ዋጋ ነበር፤ ሕዝቡ የሚያውቀውም ስም «የጋራ ገበያ» የሚለው ነበር። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት ጠቅላይ ሚኒስትሮቻቸው ከብራስልስ ሲመለሱ ያወሩት ምን አስጥለው፣ ምን አትርፈው እንደመጡ ነው። የአውሮፓ ነገር የእናንተም ቤት ነው ብሎ በድፍረት የተናገራቸው ጥቂት ነው። የትርፍ ጉዳይ ተደርጎ የቀረበ ነገር ትርፉ ሲያጠራጥር ይተዋል።

በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ የሆነውም ይኸው ነው። በአገር ደረጃ 51.9 በመቶው እንውጣ አለ። እኛ «እንግሊዝ» የምንላት ብሪታንያ ግን አንድ ልብ አልነበራትም። በእንግላንድ 53.4 በመቶው መውጣትን ሲመርጥ፣ በስኮትላንድ 62 በመቶው፣ በሰሜን አየርላንድ ደግሞ 55.8 በመቶው እንቆይ ብሏል። እንግላንድም ራሷ ተከፍላለች። ሊንከንሻየር ያለችው የቦስተን ወረዳ 75.6 በመቶ ለመውጣት ስትመርጥ፣ ለንደን 60 በመቶ ገደማ ለመቆየት መረጠች። ከወጣቶቹም ብዙኃኑ መቆየትን ደግፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ይደንቀኛል። በአባልነቱ ዘመን በእንግላንድ መንገዶች ላይ ብዙም የማይታየው ባለ ኮከቡ ሰማያዊ የኅብረቱ ባንዲራ በ2018 እና በ2019 በለንደን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በወጡበት ሰልፍ ተውለበለበ። መውጣቱ እንዲሰረዝ የሚጠይቀውን አቤቱታ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። ከስሌት ያለፈ አውሮፓዊነት በእንግሊዞች መካከል በአደባባይ የታየው አባልነቱ ሊያከትም ሲል ነው።

ክርክሩ በ2020 መውጣት አልተዘጋም፤ አሁን ወደ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት ዞሯል። ይህ ስምምነት ከአውሮፓ ኅብረት የተለየ ነው፤ በ1951 ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችውም ብሪታንያ ናት። ወግ አጥባቂው ፓርቲ በ2025 ሥልጣን ብይዝ አገሪቱን ከስምምነቱ አስወጣለሁ ብሏል። በ2022 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ይዞ ወደ ሩዋንዳ ሊበር የነበረውን የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያስቀረው ስምምነቱን የሚያስከብረው የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ከካሌ በጀልባ ከሚሻገሩት መካከል የእኛም አገር ልጆች አሉ። የብሪታንያ ዜግነት ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ክርክር የባለአገሮቹ ጉዳይ ብላችሁ አትተዉት፤ የምርጫ ካርድ በእጃችሁ ነው።