መዝገቡ ላይ ምን ተጻፈ? የዓይን ቆብ ሕመምና የምርመራ ኮድ

ክሊኒክ ሄደው ሲመረመሩ የጤና ባለሙያው በካርድዎ ላይ አንድ ነገር ጽፎ፣ ያንኑ ደግሞ በትልቁ መዝገብ ላይ እንደሚያሰፍር አስተውለው ይሆናል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ቢሮ ሥራ ቆጥረን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ያቺ አንዲት መስመር የሰውን የዓይን ብርሃን ልታተርፍ ወይም ልታሳጣ ትችላለች። በዚህ እትም የዓይን ቆብ ሕመምን ምሳሌ አድርገን ይህንኑ እንመለከታለን።

የራሴ ስሕተት

በቅድሚያ የራሴን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት «ዓይኔን ይቆረቁረኛል» ብለው ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ያነባል። በባትሪ አየሁት፤ ዓይኑን የሚነካ ፀጉር አላገኘሁም። መዝገቡ ላይ «የዓይን መቅላት» ብዬ ጻፍኩና የቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። ያንኑ ጻፍኩ፣ ያንኑ ቅባት ሰጠሁ።

በመሐሉ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቡድን ወደ ካምፑ መጣ። የሚታከሙት ሰዎች ስም የወጣው ከመዝገቡ ስለነበር የእርሳቸው ስም አልነበረበትም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ በግራ ዓይናቸው ብሌን ላይ ነጭ ጠባሳ አየሁ።

«እማማ፣ ፀጉር ይነቅላሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ወረንጦዬ ከመቀነቴ አይለይም፣ ልጄ። ሐኪም ዘንድ የምመጣ ቀንማ አጽድቼ ነው የምመጣው» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ ፀጉሩን ያላየሁት ስለተነቀለ ነበር። እኔም አልጠየቅኩም።

ኮድ ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዱን በሽታ በፊደልና በቁጥር የሚለይበት ዝርዝር አለው፤ አይሲዲ ይባላል። 11ኛው እትም ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ቢውልም በብዙ ቦታ 10ኛው እትም አሁንም ያገለግላል። በ10ኛው እትም ዓይንንና የዓይን ቆብን የሚመለከቱ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

- ኤች 00፦ በቆቡ ላይ የሚወጣ ብጉንጅና ሌላ እብጠት
- ኤች 01.0፦ የቆቡ ጠርዝ መቆጣት
- ኤች 02.0፦ የቆቡ ወይም የሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ መቀልበስ
- ኤች 02.4፦ የላይኛው ቆብ መውደቅ
- ኤች 10፦ የዓይን መቅላትና መቆጣት
- ኤ 71፦ ትራኮማ (የዓይን ማዝ)
- ቢ 94.0፦ ትራኮማ ትቶት የሄደ ጉዳት

ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ብጉንጅ በሞቀ ንጹሕ ጨርቅ ሊሻለው ይችላል። በትራኮማ ምክንያት የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ግን በቅባት አይስተካከልም። ዓይንዎን በጨፈኑና በከፈቱ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል፤ ውሎ አድሮ ጠባሳ ያወጣል፤ በመጨረሻም ያሳውራል። መፍትሔው በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ሁሉም «የዓይን በሽታ» ተብለው በአንድ መስመር ከተደመሩ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በመሐላቸው ይጠፋል።

የተነቀለም ይቆጠራል

የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ትራኮማን በአምስት ምልክቶች መለየት የሚያስችል ቀላል ዘዴ አውጥቷል። ከእነዚህ አንዱ ቲቲ ይባላል። በኋላ በተሻሻለው መስፈርት መሠረት ቢያንስ አንድ የላይኛው ቆብ ሽፋሽፍት ዓይንን ከነካ ቲቲ ነው፤ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት በቅርቡ የተነቀለበት ምልክት ከታየም እንዲሁ ቲቲ ነው። ስለዚህ እኒያ እናት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቆጠር ነበረባቸው።

ብዙዎቻችን የመጣነው ትራኮማ ከሚገኝባቸው አካባቢዎች ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛውን ሸክም የተሸከመች አገር ናት፤ ደቡብ ሱዳንና በኬንያ የቱርካና አካባቢም በሽታው ከሚታወቅባቸው ቦታዎች ናቸው። በሽታው ከሕብረተሰብ ጤና ችግርነት ወጥቷል ለማለት ከሚጠየቁት መለኪያዎች አንዱ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 1,000 ሰዎች መካከል በጤና ሥርዓቱ ሳይታወቁ የቀሩ የቲቲ ሕሙማን ከ2 በታች መሆናቸው ነው። «ሳይታወቁ የቀሩ» የሚለውን ያጢኑት። ያልተጻፈ ሰው አልታወቀም ማለት ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

1. ፀጉር የሚነቅሉ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ለምርመራ ብለው ሳይነቅሉ መሰቃየት አያስፈልግዎትም፤ መናገሩ ይበቃል። የሚያፍሩበትም ነገር አይደለም።

2. የትኛው ዓይን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያምዎ፣ ከዚህ በፊት ቆብዎ ተሠርቶ እንደሆነ ያስረዱ። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ፀጉሩ ተመልሶ ሊቀለበስ ይችላል።

3. ከመውጣትዎ በፊት «ምን ተብሎ ተጻፈ?» ብለው ይጠይቁ። ማንበብ ካልቻሉ ያስነብቡ። ካርድዎንም በጥንቃቄ ይያዙ።

4. ቀዶ ሕክምናውን አይፍሩ። የሚሠራው ቆቡ ነው እንጂ ዓይኑ አይደለም። በማደንዘዣ መርፌ ተሠርቶ በዚያው ዕለት ወደ ቤት ይመለሳሉ። የጠፋን ብርሃን ባይመልስም የቀረውን ለማትረፍ ይረዳል።

5. በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ «ዓይኑን የሚያመው አለ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «በዚህ ቤት ለዓይን ወረንጦ የሚይዝ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ እናቶችን አትርሱ። ሕጻናትን ሲንከባከቡ በሽታው በተደጋጋሚ ስለሚይዛቸው ቲቲ በሴቶች ላይ ይበዛል።

እኒያ እናት በተከታዩ ዙር ታከሙ። የቀኝ ዓይናቸው ተርፏል፤ የግራው ግን አልተመለሰም። እኔም ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ለሚያመው ሰው ሁሉ ባትሪዬን ከማብራቴ በፊት ስለ ወረንጦ እጠይቃለሁ። እኔ ብረሳ እርስዎ አስታውሱኝ፤ ብንጠየቅ አንቀየምም።