በሲስፕላቲን ሕክምና ጊዜ ስለ መስማትና ስለ ቫይታሚኖች

ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለው ሊቅ በአሜሪካ በሚሺጋን የኤሌክትሪክ ኃይል በባክቴሪያ ላይ የሚያደርገውን ሲመረምር፣ መባዛታቸውን የገታው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲኑ ዘንግ የሟሟው ውሑድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1965 ገለጠ፤ ከዚህም የተገኘው የካንሰር መድኃኒት ሲስፕላቲን በ1978 በዚያው አገር ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ተስፋ የተቆረጠባቸውን ብዙ ሕሙማን ከሞት አፋፍ መልሷል።

ይህ ባለውለታ መድኃኒት ግን ከውስጠኛው ጆሮ ገብቶ ለወራትና ለዓመታት ይሰነብታል፤ ከኦክስጅን የሚወለዱ አጥፊ ቅንጣቶችን አብዝቶም፣ በሰው ልጅ ዘንድ አንድ ጊዜ ከሞቱ ዳግመኛ የማይተኩትን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ያጠፋል። ጥፋቱ ከቀጫጭን ድምፆች ስለሚጀምር፣ የታመመው ሕፃን ሰው መናገሩን እየሰማ የ«ሰ»ንና የ«ፈ»ን ድምፅ መለየት ይሳነዋል፤ ቤተ ሰቦቹም ልቡ ሌላ ቦታ የሄደ ይመስላቸዋል፤ ይህም እጅግ ያሳዝናል።

ጥፋቱ በኦክስጅን ቅንጣቶች ከሆነ፣ እነርሱን የሚያበርዱት ቫይታሚን ኢና ቫይታሚን ሲ ይከላከሉ ይሆናል ማለት የተገባ ሐሳብ ነው፤ በእንስሳት ላይም ተስፋ ታይቷል። ዳሩ ግን በሆላንድ 48 ሕሙማን የተካፈሉበትና በ2004 የታተመው ጥናት፣ ሁለቱን ቫይታሚኖች ከሴሌኒየም ጋር በመጠጥ መልክ ሰጥቶ በቡድኖቹ መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ በደማቸው ውስጥ መጠኑ ከፍ ያለላቸው ብቻ ቀጫጭን ድምፆችን በተሻለ ጠብቀው ተገኙ፤ ብዙዎቹም መጠጡን አዘውትረው አልወሰዱትም ነበር። ከዚህ የሚከብደው ሥጋት፣ ጆሮን የሚጋርደው ጋሻ ዕጢውንም እንዳይጋርድ ነው፤ በካናዳ የራስና የአንገት ካንሰር ይዟቸው በጨረር ከታከሙት መካከል ቫይታሚን ኢ የወሰዱት፣ በሚወስዱበት ዘመን ሌላ አዲስ ካንሰር በብዛት ታይቶባቸዋል።

ስለዚህ እኔ እንደማምነው ዋናው ጥያቄ ስለ ጊዜና ስለ ስፍራ ነው። ቫይታሚን ያልሆነው፣ ጆሮን ለመጠበቅ የሚሰጠው ሶዲየም ታዮሰልፌት የተሳካለት፣ ሲስፕላቲኑ ሥራውን ከሠራ በኋላ 6 ሰዓት ቆይቶ በደም ሥር ስለተሰጠ ነው፤ በ2018 በታተመው ጥናት የጉበት ዕጢ ካለባቸው ሕፃናት መካከል ያለ እርሱ ከታከሙት 63 በመቶ፣ ከእርሱ ጋር ከታከሙት ግን 33 በመቶ ብቻ የመስማት ጉዳት ደረሰባቸው፤ በ2022ም አሜሪካ ዕጢያቸው ላልተሠራጨ ሕፃናት ፈቀደችው። ዕጢው በተሠራጨባቸው ላይ ግን ዕጢውንም ይጋርዳል የሚለው ሥጋት ገና አልተወገደም።

እንግዲህ ሕክምናው ሳይጀመርና ከየዙሩ በፊት ጆሮ በመሣሪያ ይለካ፤ ልኬቱም ከ8000 ኸርዝ በላይ ያሉትን ድምፆች ቢጨምር ጉዳቱ ንግግር ከመንካቱ በፊት ይታወቃል፤ ሕመምተኛው ከመድኃኒት ቤት የገዛውን ማንኛውንም ቫይታሚን ደግሞ ሳይውጠው በፊት ለሐኪሙ ያሳየው።