የፊት ባሌስትራ ምርጫ በጭነቱ ልክ ይሁን

በገጠር የልማት ሥራ ውስጥ የማኅበር መኪና የሚሰጠው አገልግሎት በቀላሉ የሚገመት አይደለም። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከመጋዘን ወደ ቀበሌ የሚያደርሰው፣ የእንስሳት ክትባት ባለሙያውን ይዞ ዳገት ቁልቁለቱን የሚወጣ የሚወርደው፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው በብዙ ሥፍራ አንድ ያረጀ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ነው። ይህ መኪና በአገልግሎት ብዛት አፍንጫው ሲደፋና በየጉድጓዱ ሲማታ ለማኅበሩ መሪዎች የሚቀርበው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ይኸውም «ከበፊቱ ጠንከር ያለ የፊት ባሌስትራ ይግባለት» የሚል ነው።

ሐሳቡ በራሱ ክፋት የለውም። ይሁን እንጂ ጠንካራ የተባለ ባሌስትራ ሁሉ ለመኪናው ይስማማል ማለት አይደለም። ከልክ በላይ የጠነከረ ወይም መኪናውን ከልክ በላይ ከፍ የሚያደርግ ባሌስትራ መሪን ያሳስታል፤ የፍሬን ቱቦ ይወጥራል፤ የሰው ሕይወትም አደጋ ላይ ይጥላል። ወጪው ከአባላት መዋጮ የሚወጣ፣ ተሳፋሪዎቹም እነዚያው አባላት በመሆናቸው የማኅበሩ መሪ በግዢው ሰነድ ላይ ከመፈረሙ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል።

የትኞቹ መኪናዎች ናቸው?

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ እስከ 1985 የተሠሩት ሦስቱ የቀድሞ ተከታታይ ሞዴሎች በፊትም በኋላም ባሌስትራ ያላቸው ናቸው። ከ1960 እስከ 1984 የተሠሩት የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘሮችና ከ1980 እስከ 1990 የተሠሩት የ60 ተከታታዮችም እንዲሁ ናቸው። በ1984 የተጀመሩት ለከባድ ሥራ የተዘጋጁ የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች ደግሞ እስከ 1999 የፊት ባሌስትራ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ወደ ጥቅል ሞላ ተለውጧል። ስለሆነም መኪናው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ከፊት ጎማው በስተኋላ መመልከት ይበቃል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ባሌስትራ ያላቸውን ነው።

የባሌስትራ ሁለት ሥራዎች

ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ ቅስት የብረት ንጣፎች ነው። ሥራውም ሁለት ነው። አንደኛው የመኪናውን ክብደት መሸከም ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ ነው። አያሌ ሰዎች የመጀመሪያውን አስታውሰው ሁለተኛውን ይዘነጋሉ። መሬት ያልያዘ ጎማ አይታዘዝም። መሪ ቢጠመዘዝ አይዞርም፤ ፍሬን ቢረገጥም አያቆምም።

ባሌስትራው ከሚሸከመው ክብደት በላይ ሲጠነክር መኪናው እንደ ቆርቆሮ በተሰነተረ የጠጠር መንገድ ላይ ይነጥራል፤ የማቆሚያ ርቀቱም ይረዝማል። ንዝረቱ ተሳፋሪውን ከማድከሙም በላይ ወደ ሻንሲው ያልፍና ከጊዜ ብዛት ስንጥቅ ያመጣል። በአንጻሩ ባሌስትራው ሲዝል፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚመጣ አፍንጫው ይደፋና የላስቲክ ማቆሚያውን ይመታል። እንደ ጣርማ በር ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሁለቱም ጉድለቶች አደገኞች ናቸው። እንግዲህ የሚፈለገው ከሁሉ የጠነከረው ሳይሆን ከጭነቱ ጋር የሚመጣጠነው ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት

መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ባዶውን ይቁም። የጎማው አየር ይስተካከል። ከዚያም ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ከፍታ በሜትር ተለክቶ ለአራቱም ጎማዎች ይጻፍ። ግራና ቀኙ ከተበላለጠ፣ የዛለው የፊቱ ይሁን የኋላው መካኒኩ አጣርቶ ያስረዳ። አንዳንድ ጊዜ ፊቱን ያጋደለው የኋላው ባሌስትራ ሆኖ ይገኛል። የተሰበረ ንጣፍ፣ የተቀጠቀጠ የላስቲክ ማቆሚያ፣ ቅስትነቱን ያጣ ባሌስትራ መኖሩም ይታይ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ከፊት አክስል ላይ ምን ተጨምሯል የሚለው ነው። የብረት መከላከያና ዊንች የተገጠመለት መኪና ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ተጨማሪ ክብደት ዘወትር ፊቱ ላይ ተሸክሞ ይውላል። ከኋላ ሣጥኑና ከፖርቶ መጋላው ላይ የሚጫነው እህል ግን በአብዛኛው የሚያርፈው በኋላ አክስል ላይ ነው። ከኋላ ጎማ አልፎ የተጫነ ጭነት እንዲያውም ፊቱን ያቀለዋል። ስለዚህ «ብዙ ጭነት ስለምንጭን» ተብሎ የፊት ባሌስትራ ማጠንከር ትክክል አይደለም። የመኪና ሚዛን በሚገኝበት ከተማ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አቁሞ መመዘን ክርክሩን ይቆርጠዋል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል፣ በ1 ሚሊ ሜትር 4 ኪሎ ግራም የሚሸከም ባሌስትራ አለ እንበል። በፊት አክስል ላይ 120 ኪሎ ግራም ቢጨመር ለእያንዳንዱ ባሌስትራ 60 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል፤ መኪናውም 15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ባሌስትራው በ1 ሚሊ ሜትር 5 ኪሎ ግራም የሚሸከም ቢሆን ዝቅታው 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሻጩ ይህን የመሸከም ልክ እንዲገልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው። «ከባድ ነው» የሚለው ቃል ብቻ መልስ አይሆንም።

ብዛትና ውፍረት አንድ አይደሉም

ሰባት እኩል ንጣፎች ባሉት ባሌስትራ ላይ አንድ ተመሳሳይ ንጣፍ ቢጨመር ጥንካሬው የሚጨምረው በሰባተኛ እጅ ገደማ ነው። ውፍረት ግን ሌላ ነው። ርዝመቱና ስፋቱ ሳይለወጥ 6 ሚሊ ሜትር የነበረ ንጣፍ በ7 ሚሊ ሜትር ቢተካ የንጣፉ ጥንካሬ ወደ 1.6 እጥፍ ያድጋል። በ8 ሚሊ ሜትር ቢተካ 2.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ንጣፍ በላንድክሩዘር ባሌስትራ ውስጥ መሰግሰግ ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በገበያ ላይ ጥቂት ንጣፎች ብቻ ያሉት፣ ንጣፎቹም ከመሐል ወፍረው ወደ ጫፍ የሚሳሱ ሌላ ዓይነት ባሌስትራ ይገኛል። እርስ በርሱ ስለማይፋተግ ለስላሳ ነው። ነገር ግን መኪናው ሲዘል የሚገታው መፋተግ ስለሌለው ያለ ጥሩ አሞርዛተር አይሆንም።

የድሮ ላንድሮቨር ያላቸው ማኅበራት ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የሾፌሩና የተሳፋሪው ጎን የፊት ባሌስትራ በቅስቱ ይለያያል፤ ከፍ ያለው የሾፌሩን ጎን እንዲይዝ የተሠራ ነው። መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የተዘጋጀ ጥንድ ተገዝቶ ግራና ቀኙ ሳይለይ ቢገጠም መኪናው አጋድሎ ይቀራል።

እሳት የነካው ባሌስትራ

ከአሮጌ ባሌስትራ ጥሩ ማረሻና መጥረቢያ እንደሚወጣ ገበሬው በሚገባ ያውቃል። ብረቱ ለዚህ የበቃው በፋብሪካ በልኩ ግሎ፣ ተነክሮ፣ እንደገና በመጠን ሞቆ የመጠንከርና የመለመጥ ኃይል ስለተሰጠው ነው። የዛለ ባሌስትራን በከሰል እሳት አግሎ ማቅናት ይህን ኃይል ያጠፋዋል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ይለዝባል፤ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ብቻ ከቀረ እንደ ሸክላ ይሰበራል። የተሰበረ ንጣፍ መበየድም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ቀጥቃጩ ለማረሻው ይመስገን፤ የመኪናው ባሌስትራ ግን ለሙቀቱ ልክ መሣሪያ ባለው ወርክሾፕ ይሠራ ወይም በአዲስ ይተካ።

አብረው የሚታዩ ዕቃዎች

ባሌስትራ ብቻውን አይቀየርም። በመጀመሪያ ግራና ቀኙ በአንድነት ይቀየራሉ። በጆሮዎቹ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች፣ አክስሉንና ባሌስትራውን አቅፈው የሚያስሩት ባለ ሁለት እግር ቡሎኖችና ዳዶዎቻቸው አዲስ ይሁኑ። አሞርዛተሩ ከአዲሱ ከፍታ ጋር የሚመጣጠን ርዝመት ይኑረው። አጭር ከሆነ አክስሉ ሲወርድ ተንጠልጥሎ ይበጠሳል።

መኪናው ከቀድሞው ከፍ ካለ ሦስት ነገሮች ይመርመሩ። አንደኛ፣ አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ የፍሬኑ ቱቦ መወጠር የለበትም። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት አክስል ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ በርዝመትም በማዕዘንም ይበቃ እንደሆነ ይታይ። ሦስተኛ፣ አክስሉ ወደ አንድ ወገን ከዞረ መሪው ይባዝናል፤ ከተጠመዘዘ በኋላም በራሱ አይመለስም። ይህ ሲሆን በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በልኩ የተዘጋጀ የሽብልቅ ብረት ይገባል።

ገጠማና ርክክብ

በገጠማው ጊዜ መኪናው በሻንሲው ስር በጽኑ መቆሚያ ይደገፍ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። የመሐሉ ቡሎን ራስ በአክስሉ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መቀመጡ ይረጋገጥ። የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። አስቀድመው ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። አቃፊዎቹ ቡሎኖች በተራ፣ በማዕዘን እየተሻገሩ፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጥበቁ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ሥራው በዚህ አበቃ ብሎ መለያየት አይገባም። አዲሱ ባሌስትራ ሲቀመጥ ቡሎኖቹ ይላላሉ። የላላ ማቀፊያ የመሐሉን ቡሎን ያስቆርጣል፤ ያን ጊዜ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል። ስለሆነም መኪናው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ተመልሶ ማስጠበቅ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።

ሾፌሩ መኪናውን በባዶውና በጭነት ነድቶ፣ ፍሬኑንና መሪውን ሞክሮ ይረከብ። አራቱም ከፍታዎች እንደገና ተለክተው ከቀድሞው ጎን ይጻፉ፤ የተገጠመው ዕቃ ዓይነት፣ ቀኑና የኪሎ ሜትሩ ንባብ በማኅበሩ መዝገብ ይስፈር። በሚቀጥለው ዓመት አፍንጫው ደፍቶ እንደሆነ የሚታወቀው ከዚህ መዝገብ ነው። አባላቱም መዋጯቸው በምን ላይ እንደዋለ ከዚሁ መዝገብ ያያሉ።