ከተማው ወደ ግጦሹ ሲመጣ፦ የሎጊያና የሰመራ ኑሮ ትናንትና ዛሬ

በሚሌ በኩል አድርጎ ወደ ጋላፊ የተጓዘ ሹፌርም ሆነ ወታደር ሎጊያን የሚያስታውሳት በመጀመሪያ በሙቀቷ፣ ቀጥሎም በአልጋዎቿ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ የብሎኬቱ ግድግዳ እንደ ምጣድ ይጋላል። ስለዚህ መንገደኛው ክፍል መከራየቱን ትቶ፣ በግቢ ውስጥ ወይም በመንገዱ ዳር ከሰማይ በታች ከተደረደሩት አልጋዎች በአንዱ ላይ ጋደም ይልና ተሳቢ መኪኖች ሲያልፉ እያዳመጠ ያድራል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት የሠራዊት አባላት መካከል ከእነዚሁ አልጋዎች በአንዱ ላይ ያልተኛ ጥቂት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ሌሊቱን አሳልፎ ማለዳ መንገዱን የሚቀጥል እንግዳ የማያየው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ከመጨረሻው የብሎኬት ቤት ባሻገር፣ በሰሌን በተሠራ ጎጆው ያደረው የአፋር አርብቶ አደር፣ ከተማው በየዓመቱ ወደ እርሱ እየተጠጋ ሲመጣ ኑሮው ምን እንደሚሆን ነው።

ለነገሩ ለውጡ የትናንት ብቻ አይደለም። ከደሴ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የተሠራው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ሎጊያም ስሟን ከወረሰችው ወንዝ አጠገብ የመኪና ማረፊያ ሆና ያደገች ናት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በታችኛው አዋሽ ላይ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ አቋቋመ። እርሻው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ። እርሻው የያዘው መሬት ግን ተራ መሬት አልነበረም፤ በበጋ ሌላው ስፍራ ሁሉ ሲደርቅ የአፋር ከብት የሚጠለልበት፣ አዋሽ ሞልቶ ሲፈስ የሚያርሰው ለምለም ሣር ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ በመጣ ጊዜ የአፋር ሕዝብ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሸሻ ስፍራ መጥበቡ እንደነበረ ጉዳዩን ያጠኑ ምሁራን ጽፈዋል። ከተማው ከመምጣቱ በፊት እርሻው መጥቶ ነበር ማለት ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ተዘጋ። የአገሪቱ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ በኩል መግባትና መውጣት ግድ ሆነበት። በዲቾቶ ላይ ወደ አሰብ የሚታጠፈው መንገድ ጸጥ ሲል፣ ወደ ጋላፊ የሚያመራው ደግሞ ሌት ተቀን መኪና የማይለየው ሆነ። ሎጊያም ከዚሁ ጋር ጎሚስታዋን፣ ነዳጅ ማደያዋን፣ ምግብ ቤቷንና የሸቀጥ ሱቋን እያበዛች ሄደች። ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተነጠፈበት ሜዳ ላይ ሰመራ ተቆረቆረች። የክልሉ መቀመጫ የነበረችው አሳይታ ከዋናው መንገድ ተገንጥላ ወደ ውስጥ የገባች በመሆኗ፣ ርዕሰ ከተማነቱ ወደ ሰመራ ተዛወረ። ቢሮዎች ተሠሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም የሚጠራው አውሮፕላን ማረፊያም ተገነባ። ዛሬ ሁለቱ በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ሆነው ሰመራ ሎጊያ ተብለው ይጠራሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ከመንደራቸው የተፈናቀሉ አፋሮችም ወደዚሁ አካባቢ መጥተዋል።

ከደጋ የመጣ ሰው የሰመራን ዙሪያ ሲመለከት በመጀመሪያ የሚለው ነገር ቢኖር መሬቱ ባዶ ነው የሚል ነው። እኔም መጀመሪያ እንዲያው ብዬ ነበር። የመሬት አቀማመጥ ማጥናት በተማርንበት ትምህርት ቤት ካርታ ላይ እንዲህ ያለው ቦታ ያለ ምልክት የሚታለፍ ነውና፣ ዓይኔም ያንኑ ለምዶ ነበር። ነገር ግን የአፋር አርብቶ አደር ዓመቱን የሚከፍለው በካርማ፣ በሱጉም፣ በዳዳና በሐጋይ ነው። ካርማ የተባለው የክረምት ዝናብ ሲጥል ያ ባዶ የተባለው ድንጋያማ ሜዳ ለጥቂት ሳምንታት ሣር ያበቅላል። ከብቱ ከወንዙ ዳር ወጥቶ በዚያ ይሰማራል፤ የወንዙ ዳርም በዚህ መካከል ያርፋል። ሐጋይ ሲገባ፣ ምድሩም እንደ ፍም ሲግል፣ ሁሉም ወደ አዋሽ ይመለሳል። እያንዳንዱ ስፍራ በጎሣ የታወቀ ባለቤት አለው፤ የሚተላለፉበትም መንገድ እንዲሁ የታወቀ ነው። ስለዚህ በሜዳው መካከል አንድ መጋዘን ቢታጠር፣ የጠፋው የመጋዘኑ ስፋት ያህል መሬት ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ግጦሽና ከታች ያለው ውሃ የሚገናኙበት በር ተዘጋ ማለት ነው፤ መንጋውም ዙሪያ ጥምጥም ሊሄድ ይገደዳል። በሐጋይ ወራት ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መንገድ ለፍየል ግልገል ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ እረኛ መሆን አያስፈልግም፤ ውሃ ያለቀበት ዘማች ያውቀዋል።

ሕጉም ቢሆን ይህን ለማየት ጊዜ ወስዶበታል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሣ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በዋነኛነት ያተኮረው በመሬቱ ላይ ለሠፈረ ንብረትና ለተደረገ ቋሚ ማሻሻያ ነበር። ታዲያ ቤቱን በግመል ጭኖ የሚሄድ ሰው በመሬቱ ላይ ምን ቋሚ ነገር ያሳይ ነበር? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የወል ይዞታንም በካሣው ውስጥ አስገብቷል። ለግለሰብ ቤት ግምት ማውጣት ቀላል ነው፤ አንድ ጎሣ በጋራ ለሚጠቀምበትና በዓመት ሁለት ወር ብቻ ለሚለመልም ሜዳ ግን በምን ሚዛን ይገመት? አስቸጋሪው ሥራ ይኸው ነው።

ስለ ቤት ከተነሣ ዘንድ፣ በከተማው መምጣት ሳይታወቅ የተለወጠ ሌላ ነገር ልጥቀስ። የአፋር ቤት፣ በቋንቋው ዓሪ የሚባለው፣ ከቀጭን እንጨት ቅስቶችና ከዘንባባ ቅጠል ከተጎነጎነ ሰሌን የሚሠራ ሲሆን፣ ሰሌኑን የምትሠራው፣ ቤቱን የምታቆመው፣ ለጉዞ ጊዜም ነቅላ በግመል የምትጭነው ሴቲቱ ናት። በሰሌኑ ቀዳዳ ነፋስ ይገባል፤ ጥላውም ቀዝቃዛ ነው። በከተማው ዳር ግን ዓሪው ከጊዜ በኋላ በብሎኬትና በቆርቆሮ ይተካል። ይህ ቤት ለእሳትም ሆነ ለሌባ አይበገርም፤ ዝናብም አያስገባም። ቀትር ላይ ግን መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም ሰው አያስቀምጥም፤ እናቶች ሕፃናቱን ይዘው ከግድግዳው ጥላ ሥር ይወጣሉ። በአንዳንዱ ግቢ ብሎኬቱ ለዕቃና ለእንግዳ ሆኖ፣ ቤተሰቡ የሚውለው ከጎኑ በተተከለው በአሮጌው ዓሪ ውስጥ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ከሙቀቱ የበለጠው ጉዳይ ሌላ ነው። ዓሪው የሴቲቱ እጅ ሥራ ነበር፤ ብሎኬቱን የሚገነባው ግንበኛ ሲሆን፣ ካርታው በማን ስም እንደሚወጣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ አንጻር ሴቶቹ ያገኙትም አለ። ቀደም ሲል በአፋር ዘንድ ወተት ለእንግዳ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም ነበር፤ መሸጡ እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና። ዛሬ በማለዳ ከዙሪያው መንደሮች የፍየልና የግመል ወተት ይዘው ወደ ሎጊያ የሚገቡት ሴቶች ናቸው። በገንዘቡ ዱቄት፣ ስኳርና የልጅ ደብተር ይገዛሉ። ሽማግሌዎቹ በዚህ ደስ ባይላቸውም ዱቄቱን ይበላሉ። ልጆቹም ቢሆኑ ትምህርት ቤት ቀርቦላቸዋል፤ ለወላድ እናት የዱብቲ ሆስፒታል እንደ ቀድሞው የቀናት መንገድ አይደለም። ይህን ማቃለል አይገባም።

ከከተማው እኩል የሚያድግ አንድ ዛፍም አለ። በሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ይባላል። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለጥላና አፈርን ለመጠበቅ ሲባል በመካከለኛው አዋሽ የተተከለ ነው። ከብት ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን በፋንድያው ይዘራል፤ እንዲህ እየሆነ ከአሚባራ እስከ ዱብቲ የግጦሹን መሬት እሾሃማ ጫካ አደረገው። አንዳንዱ የደርግ ዛፍ፣ አንዳንዱ የወያኔ ዛፍ ይለዋል፤ ሰው ሁሉ ያስቸገረውን ነገር በዘመኑ መንግሥት መጥራቱ ያስቃል። ከሰል ግን ይሆናል። መንጋው ያለቀበት ወጣት ዛፉን ቆርጦ፣ አክስሎ፣ በጆንያ እየሞላ በመንገዱ ዳር ለሹፌሮች ይሸጣል። የአባቱን ግጦሽ ባጠፋው ዛፍ ይተዳደራል ማለት ነው።

በማስታወቂያ ሥራ ላይ የተሠማራሁ እንደመሆኔ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የዳጉ ጉዳይ ነው። ዳጉ የአፋር ሕዝብ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች በበረሃ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው አይተላለፉም። ቆም ይላሉ፤ ቁጭ ይላሉ፤ ከወዴት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ በየተራ ይጠያየቃሉ። ዝናብ የት ጣለ? የከብት በሽታ አለ ወይ? በመንገዱ ላይ ያልታወቀ ሰው ታይቷል ወይ? ተናጋሪው ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል፤ ሐሰት ያወራ በባህሉ ሕግ ይጠየቃል። የዘመኑ የዜና ሰዎች ሁሉ ይህን ቢማሩት መልካም ነበር። አንድ ወሬ ከዚህ ሰው ወደዚያ እየተላለፈ ሰፊውን በረሃ በአጭር ጊዜ ያዳርሳል። መንጋ የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ነው፤ ያለ ዳጉ መንጋውን ወደ ሩቅ ግጦሽ የሚነዳ ሰው በጨለማ እንደሚሄድ ነው።

ዛሬ በሎጊያ ገበያ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ አለ፤ ነገር ግን አጥሯል። አንደኛው ባጃጅ እየጠበቀ ነው፤ ሌላው ቢሮ ጉዳይ አለው። ሞባይሉም መልእክቱን ከአሳይታ እስከ አፍዴራ በቅጽበት ያደርሳል። ታዲያ ምን ጎደለ ይባል ይሆናል። የጎደለው የሚነገረው ነገር ነው። በከተማ የሚውል ሰው ስለ ኪራይ፣ ስለ ስኳር ዋጋና ስለ ሹመት በቂ ወሬ አለው፤ የሣሩን ቁመት ግን አላየም፤ ያላየውን ደግሞ ዳጉ አይፈቅድለትም። ከከተማው ማዶ ያለው እረኛ ቆም ብሎ የሚጠይቀው ሰው በበዛ ቁጥር የሚያገኘው መልስ እያነሰ ሄዷል።

ስለ መሬቱም ጠባይ አንድ ቃል ልጨምር። ይህ አካባቢ የምድር ቅርፊት የሚሰነጠቅበት ስፍራ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ላይ የምትገኘው የሰርዶ መንደር በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ ሰውም አልቋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አጠገብ ምድር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ባለው መስመር ተሰንጥቋል። የሰሌን ቤት ቢወድቅ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እምብዛም ነው። ፎቅ ቤት በዚህ ምድር ላይ ሲሠራ ብረቱን በልኩ ማስገባት የመሐንዲሱ ግዴታ ነው።

ሲመሽ ከሎጊያ ድልድይ አጠገብ ቆሞ መመልከት ይበቃል። ከምሥራቅ በኩል ከጅቡቲ የተጫኑ ተሳቢዎች መብራታቸውን አብርተው ይመጣሉ። ከመንገዱ ዳር አንድ ልጅ፣ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ፍየሎችን ይዞ ለመሻገር ይጠብቃል። ከብት ከተገጨ ካሣው ለሽማግሌ ይቀርባልና ሹፌሮቹም ይጠነቀቃሉ፤ የመጀመሪያው ፍሬን ይዞ ቆመ፤ ከኋላው ያለውም ቆመ። ልጁ ፍየሎቹን አሻገረ። ማዶ ሲደርስ ከወንዙ በኩል የሚመጣ አንድ አዛውንት አገኘና ቆመ፤ አዛውንቱም ቁጭ አሉ። መኪኖቹ ሲነሡ ሁለቱ ገና እየተጠያየቁ ነበር።