ጢስ ጢስ የሚለው ቢራና የእናቶቻችን ጠላ

ስለ ቢራ ልጽፍ ነው ስላችሁ «ይህ ሰውዬ ምነው ወሬ አጣ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የአገር ጉዳይ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ፣ የልጆች ጉዳይ በሚነሳበት ጋዜጣ ላይ የመጠጥ ወግ ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ነገሩ ከብርጭቆው ተነስቶ እያንዳንዳችን ቤት ይገባል።

አንድ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰሞን «ለመሆኑ ቢራ ታውቃለህ?» አለኝ። ደሜ ሞቅ አለና «እኛ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የጊዮርጊስ ቢራ ያለን ሰዎች ነን» አልኩት። እሱ ግን ፈገግ ብሎ «የትልቅ ፋብሪካውን አይደለም የምጠይቅህ» አለኝ። በተከታዩ ቅዳሜ ከፍራንክፈርት በባቡር ይዞኝ ባምበርግ ወደምትባል ከተማ ሄደ።

ባምበርግ በሰሜን ባቫሪያ፣ ፍራንከን በሚባለው አካባቢ የምትገኝ፣ ሕዝቧ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ጥንታዊ ከተማ ናት። አሮጌው ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በዚህች ትንሽ ከተማ ወደ አሥር የሚሆኑ ቢራ ጠማቂዎች አሉ። በዙሪያዋም የራሱ ጠማቂ ያለው መንደር ብዙ ነው። ብዙዎቹ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ የቤተሰብ ሥራዎች ናቸው፤ ቢራቸውም ከአካባቢው ርቆ እምብዛም አይሄድም። መቅመስ የፈለገ እግሩን አንስቶ ይሄዳል እንጂ ቢራው አይመጣለትም።

መጀመሪያ የገባነው ከካቴድራሉ ግርጌ ያለው ሽሌንከርላ የተባለ ቤት ነው። ቤቱ በጽሑፍ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1405 ጀምሮ ነው። ስሙ የወጣው እጁን እያወዛወዘ ይራመድ ከነበረ የድሮ ጠማቂ ነው ይላሉ። እኛም አገር ቢሆን ጠጅ ቤት የሚጠራው በባለቤቱ ቅጽል ስም አይደል? ከእንጨት በርሜል የተቀዳ ጥቁር ቡናማ ቢራ ቀረበልኝ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ደነገጥኩ፤ ጢስ ጢስ ይላል! ባልደረባዬ ፊቴን እያየ ይስቃል። አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌም «በመጀመሪያው አትፍረድ፣ ሦስተኛው ላይ ትለምደዋለህ» አሉኝ። ለካ በከተማው የታወቀ አባባል ኖሯል።

ብዙ ፈረንጆች ይህን ቢራ ሲያሸቱ በጢስ የደረቀ ሥጋ ትዝ ይላቸዋል። እኔን ግን የሸተተኝ ሌላ ነው፤ በወይራ የታጠነ ጋን! ሦስተኛውን መጠበቅም አላስፈለገኝም፤ ከልጅነቴ የማውቀውን ጠረን ማን ያስለምደኛል?

ጢሱ ከየት መጣ? ቢራ የሚጠመቀው ከብቅል ነው። ገብሱ ይነከራል፣ ያጎነቁላል፣ ከዚያ ይደርቃል። ዱሮ ማድረቂያው የእንጨት እሳት ስለነበረ ጢሱ ብቅሉ ውስጥ ይገባ ነበር። ስለዚህ በብዙ አገር ይጠጣ የነበረው ቢራ ጢስ ጢስ ይል ነበር ማለት ነው። በኋላ ጢሱ ብቅሉን ሳይነካ ሙቀቱ ብቻ የሚያደርቅበት ዘዴ ሲመጣ ጠማቂው ሁሉ «ተገላገልን» ብሎ የድሮውን ትቶ ሄደ። በባምበርግ ሽሌንከርላና ከ1536 ጀምሮ ያለው ሽፔትሲያል የተባለው ቤት ግን አልሄዱም። እስከ ዛሬ ብቅላቸውን ራሳቸው፣ ጀርመኖች «ቡኸ» በሚሉት እንጨት እሳት ያደርቃሉ። «ኋላ ቀር» የሚያሰኘው ልማድ ዛሬ ከሩቅ አገር ሰው ይጠራል።

የሁለቱ ጣዕም ግን አንድ አይደለም። የሽሌንከርላው ጢስ ፊት ለፊት ይመጣል፤ የሽፔትሲያሉ ለስለስ ብሎ ከኋላ ይከተላል። ሽሌንከርላ ደግሞ በጢስ ብቅል የማይሠራ ነጣ ያለ ቢራም አለው። እሱም ቢሆን በዚያው ጋን ስለሚፈላና እርሾውንም ከዚያው ስለሚወስድ ጢሱ ትንሽ ይነካዋል። ይህን ሲነግሩኝ ሳቅሁ። የታጠነ ዕቃ ጠረኑን ለገባበት ሁሉ እንደሚያወርስ ለሐበሻ ይነገረዋል? ልዩነቱ እነሱ የሚያጥኑት ብቅሉን፣ እኛ ደግሞ ጋኑን መሆኑ ነው።

ማርስ ብሮይ በተባለው ሌላ ቤት «አንድ ኡ» ብሎ ማዘዝ ነው ደንቡ። የሚመጣው ያልተጣራ፣ ደፍረስ ያለ፣ ጋዙ ዝቅተኛ የሆነ ቢራ ነው። ለእኛ ሰው «ጉሽ» ብለው ይገባዋል።

ባልደረባዬ አቀማመሱንም አስተማረኝ። ቢራውን እጅግ አታቀዝቅዘው፣ ቅዝቃዜ ጠረኑን ይገድለዋል። በመጀመሪያ ቀለሙንና አረፋውን እይ፤ ቀጥሎ አሽትት፤ ከዚያ ትንሽ ተጎንጭተህ አፍህ ውስጥ አዙረው። ጣፋጩ የብቅሉ ነው፣ በመጨረሻ ምላስህ ሥር የሚቀረው ምሬት የሆፕ ነው። የእኛ ጌሾ ሥራ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1516 የወጣው የባቫሪያ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ምንም አይግባበት ይላል። ጠላችን በዚያ ሕግ ቢዳኝ ገና በጌሾው ይወድቅ ነበር!

እኔም በተራዬ ስለ ጠላ አወራሁለት። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ መታጠኑን፣ ጌሾው ተወቅጦ መጠንሰሱን፣ ብቅሉንና እንኩሮውን፣ ድፍድፉን፣ በመጨረሻም ቅራሪውን። ትግሬው ስዋ፣ ኦሮሞው ፋርሶ እንደሚለውም ነገርኩት። ሰውየው አፉን ከፍቶ ሰማኝና «ታዲያ እናንተ ከተማ ውስጥ ይህን አሁን የሚጠምቅ ማን ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የሚጠምቅ ጠፍቶ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የፋሲካን በዓል በማኅበር አክብረን ነበር። ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት እናት እንደ ልማዳቸው ጠላ ጠምቀው አመጡ። ጠረጴዛው ላይ ከጠርሙሶቹ ጎን ተቀመጠ። ወጣቱ አልፎት ሄደ፤ ጎልማሳውም ጠርሙስ አነሳ። እኔ ራሴ ከበረዶ ውስጥ የወጣ ጠርሙስ ነው ያነሳሁት። ማታ አዳራሹ ሲጠረግ ግማሽ ያልተነካው ጠላ ወደ ማጠቢያው ሲደፋ አየሁ። እማማም ባዶውን ዕቃ አቅፈው «እንግዲህ ለማን ብዬ እጠምቃለሁ?» አሉ። ማንም መልስ አልሰጣቸውም። እኔም ጭምር።

ታዲያ ለጀርመን ጢስ በባቡር ተሳፍሬ ሄጄ፣ ለእማማ ጢስ አዳራሹን አቋርጬ መሄድ እንዴት አቃተኝ?

ከባምበርግ በተመለስኩ በሳምንቱ እማማን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «አንተ ደግሞ፣ ለጠላ ይቅርታ ይጠየቃል?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ግን ወንበር ስበው አወጉኝ። ወይራው በሰው ሻንጣ ከአገር ቤት ይመጣላቸዋል። ጋን ስለሌለ የሚጠምቁት በእንስራ ነው። አንድ ጊዜ እቤት ውስጥ ሲያጥኑ የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ የእሳት አደጋ መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር! ከዚያ ወዲህ የሚያጥኑት ከከተማ ዳር ባለ የአንድ ወዳጃቸው የአትክልት ቦታ ነው። መጠኑን ስጠይቃቸው «ጌሾ ሁለት እፍኝ» አሉኝ። እፍኛቸውን በብርጭቆ ሰፍሬ ጻፍኩት። ጥንስሱ መድረሱን በምን እንደሚያውቁ ስጠይቅ «ጆሮህን አስጠጋ፤ ይነግርሃል» አሉኝ። እርሱንም ጻፍኩት።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ የባምበርግን ጢስ ያቆየው አዋጅ አይደለም። ያልተወው ጠማቂና ያልናቀው ጠጪ ናቸው። እኛ ጠማቂዎቹ አሉን፤ የጎደለው ጠጪው ነው። እናቶቻችን ደግሞ ወረታቸውን በገንዘብ አይጠይቁም፤ ብርጭቆውን ባዶ ማድረግ ይበቃቸዋል።

በያላችሁበት ከተማ የምትጠምቅ እናት ካለች፣ ለሚመጣው በዓል ቀድማችሁ ሄዳችሁ እንስራውን ያዙላት፣ ልጆቻችሁንም አስከትሉ። መጠጥ የማይደርስም ቢሆን አሠራሩን መጻፍ አያሰክረውም። እኔ ለእንቁጣጣሽ እንስራውን ተሸክሜ አዳራሽ ላደርስ ቃል ገብቻለሁ። የመጀመሪያዋን ብርጭቆም እኔው እቀዳለሁ።

ለጤናችን!