የበጋን ፀሐይ ለክረምት ማስቀመጥ

ሰው እህሉን በጎተራ፥ ውሃውን በገንቦ፥ ገንዘቡን በሣጥን ማስቀመጥ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የፀሐይን ሙቀት በበጋ ሰብስቦ እስከ ክረምት ማቆየት ይቻላል ቢባል ግን ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ተረት ሊመስላቸው ይችላል። እኛም መጀመሪያ ስንሰማው እንደዚሁ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን ተረት አይደለም፤ በዴንማርክ አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ ሥራው ከተጀመረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎታል።

ከተማይቱ ማርስታል ትባላለች፤ የምትገኘውም ኤሮ በምትባል ደሴት ላይ ነው። በዚያ አገር በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት ገና ከቀኑ አሥር ሳይሞላ ስለሆነ፥ ቤቱን ሳያሞቅ ክረምቱን የሚወጣ ሰው የለም። ታዲያ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ምድጃ ከሚያነድ ይልቅ ውሃው በአንድ ሥፍራ ይሞቅና ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ በየቤቱ ይዞራል፤ ሙቀቱን ለቤቱ ከሰጠም በኋላ ቀዝቅዞ እንደገና ሊሞቅ ይመለሳል። በዴንማርክ ከሦስት ቤት ሁለቱ ገደማ የሚሞቁት በዚህ ዓይነት የወል ማሞቂያ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር ዴንማርክ ክፉኛ ተጨንቃ ነበር፤ የምታነደው ሁሉ ከሞላ ጎደል ከውጭ የሚመጣ ነዳጅ ነበርና። መንግሥቱም በ1979 ስለ ሙቀት አቅርቦት ሕግ አወጣ። ማርስታል ደግሞ በ1996 ፊታቸው መስተዋት፥ ውስጣቸው ጥቁር የሆኑ የፀሐይ ሙቀት መሰብሰቢያዎችን 8,000 ካሬ ሜትር ያህል በሜዳ ላይ ተከለች። እስከ 2012 ድረስ ይህ ስፋት ከ33,000 ካሬ ሜትር በላይ ሆነ።

ይሁን እንጂ ትልቁ ችግር ሙቀቱን መሰብሰብ አልነበረም። ፀሐይ የምትበረታው ሰው ሙቀት በማይፈልግበት በበጋ ነው፤ ሙቀት በሚፈለግበት በክረምት ደግሞ ፀሐይ ትጠፋለች። ስለዚህ 75,000 ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውስጡ በፕላስቲክ ተለበጠ፤ በላዩም ሙቀት የማያሳልፍ ተንሳፋፊ ክዳን ተደረገበት። ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቆያል፥ ቀዝቃዛው ወደ ታች ይሰፍራል። በበጋ የሞቀው ውሃ በዚህ ጎተራ ይከተትና ብርዱ ሲገባ ከላይ እየተቀዳ ወደ ከተማው ይሄዳል። ከከተማይቱ ሙቀት ግማሽ ያህሉ ከፀሐይ የሚገኝ ሲሆን፥ የቀረውን የእንጨት ስብርባሪ የሚያነድ ማሞቂያና በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሙቀት መሳቢያ ይሞሉታል።

ለእኛ ግን ከጉድጓዱ ይልቅ የሚያስደንቀን የባለቤትነቱ ነገር ነው። የማርስታል ማሞቂያ ንብረትነቱ የተጠቃሚዎቹ ማኅበር ነው። በአገሩ ሕግ መሠረት ከሚያስፈልገው ወጪ በላይ ማስከፈል ስለማይፈቀድ፥ አትራፊ ነጋዴ በመካከል የለም። ወጪውንም ከ1,500 የሚበልጡ ደንበኞች ይካፈሉታል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ አገር እንሻገር። በካናዳ በአልበርታ ክፍለ ሀገር፥ ኦኮቶክስ በምትባል ከተማ፥ ድሬክ ላንዲንግ የተባለ የ52 ቤቶች መንደር በ2007 በፀሐይ መሞቅ ጀመረ። በዚያ ሙቀቱ የሚቀመጠው በውሃ ጉድጓድ ሳይሆን በመሬቱ ውስጥ ነበር፤ ለዚህም 144 ጉድጓዶች ከ30 ሜትር በላይ ጥልቀት ተቆፍረዋል። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስበት በዚያ አገር፥ ከ2015 እስከ 2016 በነበረው ክረምት ቤቶቹ ሙሉ በሙሉ የሞቁት በፀሐይ ነው። የዓለም ሊቃውንትም አድንቀውታል።

ያም ሁሉ ሆኖ ሥራው በ2024 ተቋረጠ። ዕቃዎቹ አረጁ፤ መለዋወጫና የሚጠግን ባለሙያ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ ቤቶቹም ወደ ጋዝ ማሞቂያ ተዛወሩ። ፀሐይዋ አልደከመችም፤ ዕውቀቱም አልሐሰተም። የደከመው የጥገናው ነገር ነው። ለ52 ቤት ብቻ የተሠራ ልዩ መሣሪያ ሲሰበር ሸክሙ የሚያርፈው በጥቂቶች ላይ ነው።

የእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም እንደ ዴንማርክ ያለ ማሞቂያ የሚያስፈልገው አይደለምና፥ ቧንቧቸውን እንቅዳ አንልም። ለሆስፒታል፥ ለተማሪዎች ማደሪያና ለሆቴል የሚሆን ሙቅ ውሃ ግን በፀሐይ ማግኘት ይቻላል። በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ የምታወጡ ወጣቶች ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት አለ። ዕቅድ ስታወጡ መሣሪያው በሚመረቅበት ቀን የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን፥ በአሥራ አምስተኛው ዓመት ማን ይጠግነዋል፥ መለዋወጫው ከየት ይመጣል፥ ወጪውንስ ስንት ሰው ይካፈለዋል ብላችሁ ጠይቁ። በአንዲት ብሎን ምክንያት የቆመ የውሃ ፓምፕ ያየ ሰው ይህ ጥያቄ አያስደንቀውም።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ፀሐይን የሰጠን ፈጣሪ ነው፤ ሸክሙን የሚያካፍለው ማኅበር ግን በሰው እጅ የሚሠራ ነው።